የተነካካ ፋይል በምን ይታወቃል?



የየቲሞች ስም ዝርዝርና የለጋሾች ሒሳብ በዘመናችን ከደብተር ወደ ሰርቨር እየተሸጋገረ ነው። ደብተር ሲፋቅ ምልክት ይተዋል፤ ፋይል ግን አንድ ቁጥር ቢለወጥበት ለዐይን ምንም አይታይም። ታዲያ አማናችንን በምን እንጠብቅ?

እ.ኤ.አ. በ2003 ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ሊኑክስ የተሰኘው የኮምፒውተር ሥርዓት ቅጂ ወደተቀመጠበት ሰርቨር ሰርጎ ሁለት መስመር ጨመረ። ሁለት የእኩል ምልክት መሆን ሲገባው አንድ ብቻ በመጻፍ፣ ተራ ተጠቃሚ ባለሙሉ ሥልጣን የሚሆንበትን ስውር በር አበጀ። የተጋለጠው ቅጂው ከዋናው ጋር ሲመሳከር አልገጥም በማለቱ ነው።

መፍትሔውም ይኸው ማመሳከር ነው። ሻ-256 የተባለው ስሌት ለእያንዳንዱ ፋይል በ64 ፊደላትና ቁጥሮች የተጻፈ አሻራ ያወጣል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ትሪፕዋየር የተሰኘው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1992 የተሠራው ለዚሁ ዓይነት ቁጥጥር ነበር።

ነገር ግን ልብ እንበል! አሻራው የሚወሰደው ፋይሉ ንጹሕ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው፤ የሚቀመጠውም ከሰርቨሩ ውጭ፣ በሌላ ታማኝ ሰው እጅ ነው። ሰርጎ ገቡ ሁለቱንም በአንድ ቦታ ካገኘ ሁለቱንም ይለውጣልና። በተከሳሽ ኪስ ያለ ማስረጃ ማስረጃ አይሆንም። ማመሳከር ሌባን አያግድም፤ መግባቱን ይነግረናል እንጂ። ስለዚህ በፈቃድ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ እንመዝግብ፤ መጠባበቂያ ቅጂ እንያዝ፤ ማመሳከሩንም የዘወትር ልማድ እናድርገው።