ባንዲራው አሥር ደቂቃ፣ መርከቧ ሰባት ወር

(ባለፈው እሁድ ኮልፌ በነበረን የወጣቶች መሰባሰብ ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። በውስጥ መስመር «ጽሑፉን ልቀቅልን» ያላችሁኝ ስለበዛችሁ እንዳለ አቅርቤዋለሁ። ረዘም ይላል፣ ታግሣችሁ አንብቡት።)



ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ስታዩ ግማሻችሁ ስልክ አወጣችሁ። ጥሩ ነው፣ አንሷት። ግን ፎቶዋን ከመልቀቃችሁ በፊት ስሟን ስሙ። ስሟ «ኢትዮጵያ» ነው። ለማሳመር ያወጣሁላት ስም እንዳይመስላችሁ። የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ ስሟ ይኸው ነበር። ጎኗ ላይ ያለው ኤ 01 ደግሞ ቁጥሯ ነው።

ለማታውቁኝ፣ የኮልፌ ልጅ ነኝ። በሲቪል ምሕንድስና ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ፣ ሥራ የለኝም። አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር አንገታችሁን አቅንታችሁ የቆማችሁ ታውቁታላችሁ። «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲገኝ ሰዉ እንደ ሎተሪ ይጋፋል። እናቴ ካርቶን ስቆርጥ አይታ «በዚህ ዲግሪህ?» ብላኝ ታውቃለች። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ትንሽ መልስ አለኝ፣ ለእናንተም እሱን ላካፍላችሁ ነው የመጣሁት።

ነገሩ የጀመረው በኀፍረት ነው። አንድ ማታ አንዱ ገጽ ላይ «ባሕር ኃይል ነበረን!» የሚል ጽሑፍ ከአንድ ግዙፍ የጦር መርከብ ፎቶ ጋር አየሁ። ደሜ ሞቀ። ሳልመረምር ሼር አደረግሁት፣ ከላዩ ላይም የራሴን ፉከራ ጨመርኩበት። ጠዋት ስነሳ አንዱ ከሥሩ ጽፎልኛል፦ «ወንድም፣ ይህ የአሜሪካ መርከብ ነው፤ ባንዲራውን እንኳ አላየኸውም?» አጉልቼ አየሁት። እውነቱን ነው። የሌላ አገር ባንዲራ ከነኮከቡ ይውለበለባል!

ተሳዳቢ ቢሆን ኖሮ ብሎክ አድርጌው እገላገል ነበር። እሱ ግን ልክ ነበር። እኔ ነኝ ስለ ባሕር ኃይላችን እየፎከርኩ የገዛ መርከባችን ምን እንደምትመስል የማላውቀው። የዚያን ቀን ፍለጋ ጀመርኩ።

ያገኘሁትን ባጭሩ ልንገራችሁ። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል የባሕር ጠረፍ ተገኘ፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ ባሕር ኃይል ተመሠረተ። ዋናው ጦር ሰፈር ምጽዋ ላይ ሆነ፣ የመኮንኖቹ ኮሌጅ አስመራ ተከፈተ። ኖርዌጂያኖችና እንግሊዞች በማሰልጠን አገዙ። በኋላ ባሕር ኃይሉን የመሩት የንጉሡ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ነበሩ፤ እሳቸውም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከረሸናቸው ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው።

መርከቧ ደግሞ የተሠራችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ነበር፤ አላስካ ካለ የባሕር ወሽመጥ የተወሰደ ስም ነው። ሥራዋ ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን መንከባከብ ነበር፤ ነዳጅ ትሰጣለች፣ ትጠግናለች። በጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጠች፣ ስሟም ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ የማሰልጠኛ መርከብ ሆነች። ምጽዋ በየዓመቱ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበርና የውጭ አገር መርከቦች ሲመጡ፣ ንጉሡ ሲገኙ፣ የአገሪቱ ፊት እሷ ነበረች።

እንግዲህ «ልሥራት» አልኩ። ልኬቱን አንድ ለመቶ አደረግሁት። እውነተኛዋ 94.7 ሜትር ትረዝማለች፣ ስፋቷ 12.5 ሜትር ነው። ስለዚህ ይቺኛዋ 94.7 ሴንቲ ሜትር በ12.5 ሆነች። በዚህ ልኬት ሰው 1.7 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የጣት ጥፍር በሉት።

ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ዕቃ የለም፤ ዕቃው በሙሉ የሰፈር ነው። አከርካሪዋና ጎድን አጥንቶቿ ከኮምፔንሳቶ ናቸው፣ አጠና ተራ ካለ እንጨት ቤት በለመንኩት ቁርጥራጭ። ጎድኖቹ ላይ ስስ የቀርከሃ ልጥ በቪናቪል እያጣበቅሁ አለበስኳት። ከዚያ ስቱኮ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ እንደገና ስቱኮ፣ እንደገና ብርጭቆ ወረቀት። ይህን ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አትጠይቁኝ። እጃችሁን አሳልፋችሁ ስትዳብሱት ዓይን ያላየውን ጉብታ ጣት ያገኘዋል። አንዴ በግራና በቀኝ ሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት አገኘሁ። ሦስት ሚሊ ሜትር በእውነተኛዋ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። አፍርሼ እንደገና ሠራሁ።

ገመዶቹ የስፌት ክር ናቸው፤ ክሩ ፀጉር እንዳያወጣ በጧፍ ሰም አሸሁት። ክብ መስኮቶቹ የሚስማር ራስ ናቸው። ምሰሶዋ ሽቦና ስቴኪኒ ነው። መድፏ ከአሮጌ ሬዲዮ አንቴና የተቆረጠ ቱቦ ነው፣ ከቆራሌው የገዛሁት።

ቀለሙ ብቻውን ትምህርት ነው። መጀመሪያ ግራጫውን እንዳለ ቀባኋት፤ ጠቆረች፣ ከብረት ምጣድ አትለይም። በኋላ ገባኝ። ትልቅ ነገርን የምናየው ከሩቅ ነው፣ በመሀል አየር አለ፣ ቀለሙ ይፈዛል። ትንሽ ሞዴል ላይ ያንኑ ቀለም ብትቀቡት ሐሰት ይመስላል። ነጭ ጠብ እያደረጉ ማቅለል ያስፈልጋል። ከውኃ በታች የሚውለው አካሏ ቀይ ቡኒ ነው፤ የባሕር ተሕዋስያን እንዳይጣበቁበት የሚቀባው ቀለም መልኩ እንደዚያ ነው። በሁለቱ ቀለሞች መሀል፣ ውኃው የሚደርስበት ላይ፣ ጥቁር መስመር አለ። ዝገቱ ደግሞ ቡኒ ቀለም በአኳራጅ በጣም ቀጥኖ፣ ከላይ ወደ ታች በጨርቅ የተጠረገ ነው። ዝናብ የሚወርደው ወደ ታች ነዋ!

አምስተኛው ወር ላይ ጨረስኩ ብዬ አሰብኩ። ሰፈራችን ምጣድ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሉ። የቀድሞ ባሕረኛ መሆናቸውን ሁላችንም በወሬ እናውቃለን፣ ማናችንም ግን ቁጭ ብለን ጠይቀናቸው አናውቅም። ተሸክሜያት ሄድኩ። ዓይናቸው ሞራ ጀምሮታል። በእጃቸው ዳበሷት። ከፊት ጀመሩ፣ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ። ድንገት ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«መድፍ ነው ጋሼ።»

«ይሄስ? ያኛውስ?»

«እነሱም መድፍ ናቸው።»

«ልጄ፣ ይቺ የእኔ መርከብ አይደለችም» ብለው መለሱልኝ።

ምን አድርጌ መሰላችሁ? ፎቶው ላይ ያየሁት አንድ ትልቅ መድፍ ብቻ ነበር፣ 127 ሚሊ ሜትር። አነሰብኝ። «ኢትዮጵያ» ተብላ አንድ መድፍ? ፎቶ ስለቅ ምን ይሉኛል? ስለዚህ ከሌሎች መርከቦች ምስል እያየሁ ሦስት ጨመርኩባት። አራት ትልልቅ መድፍ የያዘች አስፈሪ መርከብ አደረግኋት። ያ የሰው ፎቶ ለጥፌ የፎከርኩበት በሽታ፣ በእንጨትና በስቱኮ ተመልሶ መጣ።

«ጋሼ፣ እንድታምር ብዬ ነው» አልኳቸው።

«አንዱም አልሠራልን እንደሆነ እኮ ነው የምትጨምርላት» አሉኝ። «እኛ አንዱን ነው ስንወለውል የኖርነው። እሷ ትምህርት ቤት ነበረች። እኔ ከደጋ መጥቼ፣ ባሕር በሥዕል እንኳ ሳላይ፣ በ18 ዓመቴ እሷ ላይ ወጣሁ። መጀመሪያ የተማርኩት ማስታወክ ነው።» ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። «ከሁሉም አገር ልጅ ነበርን» አሉ፤ «ከጎኔ የተኛው የምጽዋ ልጅ ነበር፤ ሲያመኝ ሎሚ ያመጣልኝ እሱ ነው። በኋላ በየትኛው ወገን እንደሞተ እንኳ አላውቅም።»

ዝም አልን።

በማግሥቱ ሦስቱን መድፍ ነቀልኩ። ወለሉ ተቦጨቀ፣ እንደገና ስቱኮ፣ እንደገና ብርጭቆ ወረቀት። ሁለት ወር ጨመረብኝ። አሁን ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ ከፊት ያለው ትልቅ መድፍ አንድ ነው። በቀኝ በኩል ደግሞ የዳር መደገፊያው ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ባሕር ያጎነበሰ አንድ ትንሽ ሰው አለ፣ 1.7 ሴንቲ ሜትር፣ ከስቴኪኒ የተቀረጸ። የሚያስታውከው ሠልጣኝ እሱ ነው። አድርግልኝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ከጎኑ የቆመው ሎሚ የያዘው ነው፤ ሎሚው ግን ለልኬቱ ስለማይታይ በእምነት ተቀበሉኝ።

አሁን ወደሚያመው ልምጣ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በከባድ ውጊያ በሻዕቢያ እጅ ወደቀች፤ ከሁለቱም ወገን ስንት የእናት ልጅ እዚያ ቀረ። በግንቦት 1983 ደግሞ የቀሩት መርከቦች ቀይ ባሕርን አቋርጠው ወደ የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ ሸሹ። «ኢትዮጵያ» የመን ገባች። እዚያ ቆማ ቆየች። እንደ ፈረንጆቹ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

እስኪ ቀስ ብላችሁ ስሙት። «ኢትዮጵያ» የተባለች መርከብ በሰው አገር ለቆራሌው ተሸጠች። ባሕር ኃይሉም በ1988 ዓ.ም. በይፋ ፈረሰ። ያስለቀሰኝ መሸጧ አይደለም፤ አሮጌ መርከብ በየትም አገር ይሸጣል። የከፋኝ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎ እኔ፣ ዲግሪ ያለኝ ሰው፣ የሌላውን መርከብ ለጥፌ የእኛ ናት ማለቴ ነው። ብረቷ የመን ውስጥ ተሸጠ። መልኳን ግን የጣልነው እኛው ነን።

ጃፓኖችን ተመልከቱ። «ያማቶ» የምትባል ግዙፍ የጦር መርከባቸው በ1945 እንደ ፈረንጆቹ ከሁለት ሺሕ በላይ ሰው ይዛ ሰጠመች። ኩሬ የሚባለው፣ መርከቧ የተሠራችበት ከተማ፣ በ2005 ሙዚየም ከፍቶ በአንድ ለአሥር ልኬት ሠራት፣ ርዝመቷ 26.3 ሜትር። መሸነፋቸውን አልደበቁም፤ በውስጧ የሞቱትንም ታሪክ አብረው አስቀመጡ። የጠፋ ነገር እንዲህ ነው የሚከበረው፣ በልኩ።

በ2010 ዓ.ም. መንግሥት ባሕር ኃይሉን እንደገና እናቋቁማለን ማለቱን፣ በመጋቢት 2011 ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት መፈረሙን ታውቃላችሁ። ስለ ወደብ ዛሬ አልከራከርም፤ እሱ የራሱ መድረክ አለው። እኔ የምለው፣ ነገ መርከብ ቢመጣም ብየዳ የሚያውቅ፣ ሥዕል የሚያነብ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚያንገበግበው ልጅ ከሌለን መርከቧ ፎቶ ማንሻ ነው የምትሆነው። ሞተሩን ፉከራ አያስነሳውም።

መጨረሻ ላይ የሰቀልኩት ባንዲራውን ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ ሁለት ሴንቲ ሜተር ተኩል፣ ከሐር ጨርቅ። ስንት ጊዜ ፈጀብኝ መሰላችሁ? አሥር ደቂቃ። መርከቧ ሰባት ወር ፈጀች። ያን ጊዜ ራሴን ታዘብኩት። ዕድሜዬን ሙሉ አሥር ደቂቃዋን ነበር ስሠራ የኖርኩት። ባንዲራ ማንጠልጠል እችልበታለሁ፣ ፕሮፋይል መቀየር እችልበታለሁ። የሚንጠለጠልበትን ግን ሠርቼ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ከመሀላችን ሰፈሩ ውስጥ ባሕረኛ፣ አብራሪ፣ ባቡር ነጂ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ ሽማግሌ የሌለበት የለም። በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። ጻፉት። ፎቶ ካላቸው አስፈቅዳችሁ አንሱት፣ ከጀርባው ስምና ዓመት አስጽፉት። ሲያርሟችሁ አትከራከሩ፤ መድፉን ንቀሉ። የእኔው ሽማግሌ 75 ደፍነዋል፣ የዓይን ቀጠሮ እየጠበቁ ነው። መርከቧን እንደገና የወሰድኩላቸው ዕለት ከፊት እስከ ኋላ ዳበሷት። አንዱ መድፍ ላይ ጣታቸው ደረሰ፣ አለፈ። ሌላ ፈለጉ፣ አጡ። ትንሹ ሠልጣኝ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«አዎ» አሉ፣ «እሷ ናት።»

ከዲግሪዬ ወዲህ የተቀበልኩት የመጀመሪያው የምስክር ወረቀት ይኸው ነው። እናቴም ሰምታዋለች።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር፤ እኛም በልኳ እንሥራላት።