ቀብር አፍራሽ የተባለው አውሬ ምን ይበላል?



ዛሬ የምናነጋግራችሁ በአዳማና በመተሐራ በኩል በስምጥ ሸለቆው ሜዳ ስለሚኖር፣ ነገር ግን ከእናንተ መካከል ብዙዎች በዓይናችሁ ስላላያችሁት አንድ አውሬ ነው። ስሙ አዋልዲጌሳ ይባላል። ቃሉ ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ቀብር አፍራሽ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም የተሸከመ እንስሳ ቃሉን ሳይሰጥ እንደ ተፈረደበት ሰው ይቈጠራል፤ ስሙን የሰማ ሁሉ ሬሳ አውጥቶ የሚበላ ይመስለዋልና። እኛ ግን ስሙን ለጊዜው ትተን አፉን እንመርምር።

አዋልዲጌሳ ካደገ በኋላ የፊት ጥርስም ክራንቻም የለውም። ያሉት መንጋጋዎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ሥርና ጠንካራ የላይ ልባስ የሌላቸው፣ እየተበሉ እየተተኩ የሚያድጉ ናቸው። በእንዲህ ያለ አፍ ሥጋ መቦጨቅና አጥንት መስበር የማይቻል ነገር ነው። መቃብር ተቈፍሮ የተገኘ እንደ ሆነ ጅብን መጠርጠር ይሻላል።

ታዲያ መሬት የሚምሰው ለምንድን ነው ቢባል፣ ጉንዳንና ምስጥ ፍለጋ ነው። ቀኑን በጕድጓዱ ተኝቶ ይውልና ከመሸ በኋላ ይወጣል። አፍንጫውን ወደ መሬት አስጠግቶ፣ ረጃጅም ጆሮዎቹን አቁሞ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ እያለ በአንድ ሌሊት ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሽታው ሲመጣለት ቆም ይላል፤ በፊት እግሮቹ ባሉት እንደ ዶማ በጠነከሩ አራት አራት ጥፍሮችም ደረቁን ኩይሳ ይንዳል። ከዚያ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰውን፣ የሚያጣብቅ ምራቅ ያለበትን ምላሱን ወደ ውስጥ ይልካል፤ ነፍሳቱም ተለጥፈው ይወጣሉ። ቢነክሱትም ቆዳው ወፍራም ነው፤ አፈር እንዳይገባበትም የአፍንጫውን ቀዳዳ ይዘጋል። የዋጠውን ብዙ አያኝክም፤ ጡንቻማው ጨጓራ ይፈጭለታል። በአንድ ሌሊት የሚልሳቸው ነፍሳት በአሥር ሺዎች ይቈጠራሉ። የሚያስደንቀው ግን ቤታቸውን ጨርሶ አለማጥፋቱ ነው፤ ከአንዱ ጥቂት ልሶ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ የቀሩትም መልሰው ይራባሉ። የሚበቃውን ውኃ እንኳ አብዛኛውን የሚያገኘው ከዚሁ ምግቡ ነው።

በአፍሪካና በእስያ ፓንጎሊን የሚባለው፣ ሰውነቱ እንደ ዓሣ በቅርፊት የተሸፈነው አውሬም ያለ አንድ ጥርስ በዚሁ መንገድ ይኖራል። እርሱን ያስፈጀው ስሙ ሳይሆን ቅርፊቱ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓለም አቀፍ ንግዱ እንዲከለከል እስኪወሰን ድረስ ደርሶበታል።

ምስጥ ምን እንደሚያደርግ ለመንግሥት ሠራተኛ መንገር አያስፈልግም፤ የመዝገብ ቤቱን ሣጥን ከፍቶ ፋይሉን ዱቄት ሆኖ ያገኘ ሰው ያውቀዋል። በእርግጥ አዋልዲጌሳ ከተማ ገብቶ የመዝገብ ቤታችንን ምስጥ አይለቅምልንም፤ በዚህ ብናመሰግነው ሐሰት ይሆናል። የባላገሩም ክስ እውነት አለበት፤ ጕድጓዱ የበሬና የፈረስ እግር ይሰብራል። ይሁን እንጂ እንስቲቱ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት የምትወልደው አንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ የተገደለው ቶሎ አይተካም። ጠላቱም ሰው ብቻ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ በካላሃሪ በ2012 እና በ2013 መካከል በደረሰው ድርቅ ጉንዳኑና ምስጡ ሲመናመን፣ ተመራማሪዎች ይከታተሏቸው ከነበሩት 6 አዋልዲጌሳዎች 5ቱ ሞተዋል። የሌሊቱን ልማዳቸውን ትተው በቀን ብርሃን ምግብ ሲፈልጉም ታይተዋል። ድርቅ ደግሞ ለስምጥ ሸለቆአችን እንግዳ አይደለም።

ከአዳማ ወደ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዛችሁ መተሐራን ስታልፉ፣ በ1966 የተቋቋመውን የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ታገኛላችሁ። ሳላ ለማየት በቀን የሚሄድ ሰው አዋልዲጌሳን የማየት ዕድሉ ጥቂት ነው፤ ጕድጓዱን ግን ሊያይ ይችላል። አፉ ከውስጥ በአፈር የተደፈነ እንደ ሆነ ባለቤቱ ተኝቶበታል ማለት ነው። ክፍት ከሆነ ግን ፊት ለፊቱ አትቁሙ፤ እርሱ ትቶት በሄደው ቤት ጃርትም ጅብም ይገባበታል፣ ከርከሮ ደግሞ በኋላው ገብቶ ጥርሱን ወደ በሩ አዙሮ የሚተኛ ስለ ሆነ ሲደነግጥ ተወርውሮ ነው የሚወጣው።