ጸሐፊው ሲቀነስ ሥራው ወደ ማን ይሄዳል?



ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ለድኻ የሚከፈል ገንዘብ በኮምፒዩተር ሲመራ ማን እንደሚያተርፍና ማን እንደሚከስር ነው።

በአገራችን የገጠሩ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም.፥ የከተማው ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ተጀመረ። ለከተማው 300 ሚሊዮን ዶላር ከዓለም ባንክ፥ 150 ሚሊዮን ከመንግሥት ተመደበ፤ አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች መንገድ የሚጠርጉና ችግኝ የሚተክሉ ድኾች ደመወዛቸውን በባንክ ሒሳብ እንዲቀበሉ ታቀደ። በገጠር ግን ገንዘብ ያዡ ብሩን ከወረዳ ይዞ ሄዶ በእጁ እየቈጠረ ይከፍል ነበር፤ ተረጂውም ረዥም መንገድ ተጉዞ ይጠብቀው ነበር። የሞባይል ክፍያ ሲመጣ ይህ ድካም ለብዙዎች ቀልሏል። ይህን መካድ አይገባም።

ነገር ግን ሒሳቡ እስከ መጨረሻው ይታሰብ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የድጎማ መሥሪያ ቤታቸውን በኮምፒዩተር ለማደራጀት ሲነሡ፥ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ የጸሐፊነት ሥራዎች ተቀንሰው ገንዘብ ይተርፋል ተብሎ ነበር። ወጪው ግን ከመጀመሪያው ግምት ከእጥፍ በላይ ሆነ። በአውስትራሊያ ደግሞ የሰው ምርመራ ተቀንሶ ኮምፒዩተሩ በተረጂዎች ላይ ዕዳ እያሰላ ይልክ ጀመር። አሠራሩ ሕገ ወጥ ሆኖ ስለ ተገኘ እ.ኤ.አ. በ2019 ቆመ፤ መንግሥትም የሰበሰበውን ለመመለስ ተገደደ።

ወደ ጉለሌ እንመለስ። ከእንጦጦ እንጨት ስትሸከም የኖረች እናት ጣቷ ሻክሮ አሻራዋን መሣሪያው ባያነብላት፥ ስሟ በባንክ አንድ ዓይነት በወረዳ ሌላ ዓይነት ሆኖ ቢጻፍ፥ ማን ያርምላታል? መዝገቡንም ሰፈሩንም የሚያውቀው ጸሐፊ ነው። እርሱ ሲሰናበት ሥራው አይጠፋም፤ ወደ እርሷ ይዞራል። የታክሲ ሒሳብ የምትከፍል፥ የቀን ሥራዋን የምታጣ፥ የስልክ መልእክት የሚያነብላት የጎረቤት ልጅ የምትለምን እርሷ ናት። ይህ ወጪ በየትኛውም የበጀት መዝገብ አይጻፍም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ከገንዘብ ቈጠራ የተረፈው ጸሐፊ ሠልጥኖ አቤቱታ ሰሚ ይሁን። ሰው ሳይመረምረው የማንም ድኻ ክፍያ አይቋረጥ። የሥልጠናውና የአቤቱታው ወጪም ከመሣሪያው ዋጋ ጋር አብሮ ይጻፍ።

ነገ ሒሳቡን የምንሠራውም ኮምፒዩተሩን የምናዝዘውም እኛው ነን። የሰው መድኃኒቱ ሰው መሆኑን ያን ጊዜ እንዳንረሳ አደራ እላለሁ።