ከፕሮሰሰሩ ጋራ ከተዋሐደው ግራፊክስ ወደ ፊት ስለሚጠበቀው ኃይል



ለብቻው የሚሸጠውን የግራፊክስ ካርድ ለመግዛት አቅሙ የማይፈቅድለት ተማሪ፥ የሕንፃ ንድፍ የሚያወጣ ወጣት መሐንዲስ፥ ቪዲዮ የሚያቀናብርም ባለሙያ ሁሉ ተስፋውን የሚጥለው ከፕሮሰሰሩ ጋራ ተዋሕዶ በሚመጣው ግራፊክስ ላይ ስለ ሆነ፥ ከሚመጡት ፕሮሰሰሮች በዚህ ረገድ ምን ያህል ኃይል መጠበቅ እንደሚገባን መመርመር ለብዙዎች የእንጀራቸው ጉዳይ ነው።

ይህ የግራፊክስ ክፍል ቀድሞ በማዘርቦርዱ ላይ በጥገኝነት ይኖር የነበረ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንቴል ሳንዲ ብሪጅ በተባለው፥ በ2006 ኤቲአይን የገዛው ኤኤምዲም ላኖ በተባለው ፕሮሰሰር ከዋናው አስሊ ጋራ በአንድ ሲሊከን ላይ ካዋሐዱት ወዲህ፥ ብዙ ሰው የግራፊክሱ ኮሮች ቍጥር በበዛ መጠን ኃይሉም በዚያው ልክ እንደሚበዛ አድርጎ ሲተነብይ ኖሯል። የኃይሉ ምሥጢር ግን በቍጥሩ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ለብቻው የቆመው ካርድ የራሱ ፈጣን ሜሞሪ ሲኖረው፥ የተዋሐደው ከፕሮሰሰሩ ጋራ አንዱን ራም ተካፍሎ የሚኖር በመሆኑ፥ አንገቱ በጠበበ እንስራ ዙሪያ የተሰበሰቡ የተጠሙ ሰዎች ቢበዙ ውኃው ፈጥኖ እንደማይወርድላቸው ሁሉ፥ ኮሮቹም ቢበዙ ራሙ የሚሰጣቸውን እየጠበቁ ሥራ ይፈታሉ። መጠኑን ለማወቅ የሚሻ ቢኖር፥ በጥንድ የተተከለ ባለ 3200 ፍጥነት ዲዲአር4 ራም በሴኮንድ 51.2 ጊጋባይት ሲያመላልስ፥ ከመካከለኞቹ ካርዶች አንዱ የሆነው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4060 ግን 272 ጊጋባይት ያመላልሳል። ራሙ ነጠላ የሆነ እንደ ሆነ ከዚያው ከ51.2 ጊጋባይት ግማሹ ይጠፋል፤ ይህንንም ሻጭ ለገዢው ሳይነግር ዕቃውን ማስረከቡ እጅግ ያሳዝነኛል።

የሜሞሪውን መንገድ ያሰፉት ግን ፍሬውን አግኝተዋል። አፕል በ2021 ባወጣው ኤም1 ማክስ በሴኮንድ 400 ጊጋባይት፥ ኤኤምዲም በ2025 እስከ 40 የግራፊክስ ክፍሎች ባሉት ራይዘን ኤአይ ማክስ 256 ጊጋባይት የሚያሳልፍ ጎዳና ዘርግተዋል። ኢንቴልም በሉናር ሌክ 8 የነበሩትን የግራፊክስ ኮሮች በፓንተር ሌክ እስከ 12 ሲያሳድግ፥ በግራፊክሱ ውስጥ የሚገኘውን መሸጎጫ ሜሞሪ ከ8 ወደ 16 ሜጋባይት ማብዛቱ ወደ ራሙ የሚደረገውን ምልልስ ለመቀነስ ነው።

እንግዲህ ኢንቴልና ኤንቪዲያ በመስከረም 2025 የአንዱን ፕሮሰሰር ከሌላው ግራፊክስ ጋራ በአንድነት ለማቅረብ መስማማታቸውን ሲያስታውቁ የሰማ ሁሉ፥ ስለ ኮሮቹ ብዛት ከመጠየቁ አስቀድሞ ስለ ሜሞሪው ስፋት ይጠይቅ። መንገዱ የሰፋ እንደ ሆነ ርካሾቹን ካርዶች ከገበያ የሚያስወጣ ኃይል እጠብቃለሁ፤ ከፍተኞቹን ግን ይተካል አልልም፤ አርቲኤክስ 5090 ብቻውን እስከ 575 ዋት ሲወስድ፥ ራይዘን ኤአይ ማክስ አስሊውንም ግራፊክሱንም ይዞ ከ45 እስከ 120 ዋት ባለው ወሰን ውስጥ የሚሠራ ነውና፥ የ575 ዋትን ሙቀት ከቀጭን ላፕቶፕ ማውጣትም አይቻልምና።