ሰባት ቤት መቁጠር ብቻ አይበቃም

ዛሬም ከነታንያ ነኝ። የዛሬው ወሬ ስለ አያቶቻችን መርሳት ነው።

በየቤቱ የሚባል ነገር አለ፦ «ኧረ እሳቸው ምንም አልሆኑም፣ ሰባት ቤት ይቆጥሩ የለ እንዴ!» እኔን ይሄ ማጽናኛ ያስፈራኛል። ዘር ቆጠራ በልጅነት የተያዘ፣ ጋብቻ በተነሳ ቁጥር የተደጋገመ ነገር ነው። አልዛይመር ደግሞ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው ሂፖካምፐስን፣ ማለት አዲስ ነገር የሚመዘግበውን የአንጎል ክፍል ነው። የድሮው ትዝታ ብዙ ዓመት ይቆያል። ስለዚህ አንድ ሰው ሰባት ቤት በትክክል ቆጥሮ፣ ጠዋት መድኃኒቱን መዋጡን ላያውቅ ይችላል።

ታዲያ ጤናማው እርጅና የቱ ነው? ፍጥነት ይቀንሳል። ስም ቶሎ አይመጣም፣ ቆይቶ ራሱ ብቅ ይላል። ሁለት ሰው ባንዴ ሲያወራ ይምታታል። የቃል ሀብት ግን አይጠፋም፤ የአያቴን አማርኛ እኔ መቼም አልደርስበትም። መነጽር የት እንደተቀመጠ መርሳት እርጅና ነው። በየሳምንቱ ከሚሄዱበት ሹክ ሲመለሱ መንገድ መጥፋት፣ አንድን ጥያቄ በአንድ ሰዓት አምስቴ መጠየቅ፣ ዕድሜ ልክ ያፈሉትን ቡና ቅደም ተከተል መሳት ግን እርጅና አይደለም፤ መታየት አለበት።

የሚታየው እንዴት ነው ካላችሁ፣ እዚህ ላይ እኛ እንፈለጋለን። ኩፓት ሆሊም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፈተና «ሚኒ ሜንታል» ይባላል፤ በ1975 አሜሪካ የወጣ፣ 30 ነጥብ ያለው። ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ መቁጠር፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ ሥዕል አይቶ መገልበጥ አለበት። አያቴን ይዤ ስገባ ዕለቱ ዲሴምበር 3 ነበር። ወሩን ሲጠየቁ «ሕዳር» አሉ። ልክ ናቸው፣ በእኛ አቆጣጠር ሕዳር 24 ነው። ዝም ብዬ «ኖቬምበር» ብዬ ብተረጉም ኖሮ ግን ነጥቡ ይወድቅ ነበር። አስረዳሁ፣ ተሰጣቸው። ከዚያ እርሳስ መጣ። ጎንደር ገጠር ያደጉ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሴት ናቸው፤ መስመሩ ተወላገደ፣ ነጥብ ተቀነሰ። ይሄ አንጎል አይደለም፣ እርሳስ ነው።

ስለዚህ አብራችሁ ስትገቡ መጀመሪያ ለዶክተሩ ስንት ክፍል እንደተማሩ ንገሩ። ጥያቄውን በአማርኛም ይሁን በትግርኛ እንዳለ አድርሱ፤ እናንተ አትመልሱላቸው፣ በዓይንም አትጠቁሙ። (ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ «ልጄ፣ ምን ልበል?» ብለው ያዩሻል።) ቤት ያያችሁትን ከነቀኑ በስልካችሁ ጽፋችሁ ያዙ፤ ለዶክተሩ ከነጥቡ ይልቅ ያ ሊጠቅመው ይችላል። የደም ምርመራም ጠይቁ። የቢ12 ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት፣ የጆሮ መድከም፣ አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒትም ሰውን ያስረሳሉ፤ እነዚህን ማከም ይቻላል።