የአንድ ዓመት የፒያኖ ልምምድ



በትርፍ ጊዜው ፒያኖ የሚማር ጎልማሳ የዓመቱን ፍሬ ለባልንጀሮቹ ሲያሰማ፣ አዘውትሮ የሚቆጥረው የተማራቸውን ዜማዎች ብዛት ነው። ሚዛኑ ግን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1725 በተጀመረው የአና ማግዳሌና ባኽ ደብተር ውስጥ የሚገኘው፣ ለረጅም ዘመን የባለቤቷ ድርሰት ሲባል ኖሮ የክርስቲያን ፔትሶልድ መሆኑ የታወቀው የሶል ማዦር ሚንዌት ከሁለት ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም። ሆኖም ቀኝ እጅ ሲፈጥን ግራው አብሮ እንዳይጣደፍ ማስለመድ ወራትን ይፈጃል። እያንዳንዱን እጅ ለየብቻ፣ በዝግታ ማለማመድ ይበጃል፤ ፔዳሉ ይቆይ፣ ስሕተት ይሸፍናልና።

ቤት ውስጥ የተቃና ዜማ በባልደረቦች ፊት ቢደናቀፍ፣ ተጫዋቹ ካቆመበት ይቀጥል እንጂ ወደ መጀመሪያው አይመለስ። ሰሚዎቹም የተሳተችውን ኖታ ትተው፣ አምና ያልነበረውን የግራ እጅ እርጋታ ቢያስተውሉለት፣ ለከርሞም ሊያሰማቸው ይደፍራል።