ኮምፒዩተር ዕጣ ሲያወጣ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የምናገረው የኮምፒዩተር ክበባችን ለበዓሉ ስላዘጋጀው ጨዋታና በእርሱ ምክንያት ስለ ተነሣው ክርክር ነው።

ጨዋታው ቀላል ነው። ሁለት ልጆች፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ በስክሪኑ ላይ ቅርጫት ይይዛሉ። ከላይ ለእያንዳንዳቸው ብርቱካን፣ ማንጎ ወይም ድንጋይ ይወርዳል። ፍሬውን በቅርጫቱ የተቀበለ ነጥብ ያገኛል፤ ድንጋይ የወረደበት ግን ተራው ባዶ ሆኖ ያልፍበታል።

የሠራነው ብሌንደር በተባለው ፕሮግራም ነው። ብሌንደር በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው በ2.80 እትሙ የጨዋታ መሥሪያውን ክፍል አስወግዶታል፤ እኛ ግን መኪኖቻችን አሮጌ ስለ ሆኑ በ2.79 እንሠራለን። ብርቱካኑ፣ ማንጎውና ድንጋዩ አንድ አንድ ሆነው ከዓይን በተሰወረ ስፍራ ይቀመጣሉ። በፓይተን ቋንቋ የጻፍነው ፕሮግራም «አድ ኦብጀክት» ብሎ ሲያዝ፣ ከተሰወረው ዕቃ አንድ ቅጂ በተባለው ቦታ ይወለዳል። የትኛው እንደሚወለድ የሚመርጠው «ራንደም ቾይስ» የተባለው ትእዛዝ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ትእዛዙ በእያንዳንዱ ምት እንዲደገም አድርጌው ኖሯል። መኪናው በሰኮንድ 60 ጊዜ ይመታልና በደቂቃ 3600 ዕቃ ማለት ነው፤ ደቂቃዋ ሳትሞላ ኮምፒዩተሩ ቀጥ አለ። (ጓደኞቼ እስከ ዛሬ «አትክልት ተራ» እያሉ ይጠሩኛል።) በኋላ በየሰኮንዱ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲወልድ፣ የተወለደውም ከ180 ምት፣ ይኸውም ከ3 ሰኮንድ በኋላ እንዲጠፋ አደረግሁት።

ዋናው ችግር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ በግራ በኩል ተቀምጦ ሲጫወት ድንጋይ በተከታታይ እየወረደበት ተሸነፈ። ከመቀመጫው ተነሥቶ «ጋሼ፣ ይህ መኪና ያዳላል፤ የሠራኸውም አንተ ነህ» አለኝ። ተጋጣሚው ታናሽ ወንድሜ ስለ ነበረ ነገሩ እጅግ አሳፈረኝ።

ቤቴ ገብቼ አሰላሁ። ከሦስት ዕቃ ድንጋይ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የመውጣቱ ዕድል ከ27 አንድ ነው። ነገር ግን በአንድ ጨዋታ በየበኩሉ 40 ዕቃ ስለሚወርድ፣ እንዲህ ያለው ነገር ከመካከላቸው በአንዱ ቦታ የመድረሱ ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። እንግዲህ መኪናው አላዳላም፤ ልጁም አልዋሸም።

ለማስረዳትም መንገድ ነበረኝ። የፓይተን ዕጣ ማኮቶ ማትሱሞቶና ታኩጂ ኒሺሙራ የተባሉ ሁለት የጃፓን ሊቃውንት በ1997 እ.ኤ.አ. ካወጡት ስሌት የሚገኝ ነው። ስሌቱ «ዘር» ከሚባል መነሻ ቍጥር ተነሥቶ ረጅም የቍጥር ሰልፍ ያወጣል፤ ዘሩ አንድ ከሆነ ሰልፉም አንድ ነው። የየጨዋታውን ዘር በደብተር እንመዘግብ ስለ ነበር፣ በማግስቱ ልጁንና ወንድሜን ቦታ አለዋውጬ ያንኑ ዘር ሰጠሁት። ድንጋዮቹ ሁሉ እንደ ትናንቱ በግራ በኩል፣ በወንድሜ ላይ ወረዱ። ልጁ ሳቀ፤ ሆኖም ጥቂት አሰበና «ታዲያ ትናንት በግራ ያስቀመጥኸኝ ለምንድን ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

መልሱን ያገኘሁት ከእናቴ ዕቁብ ነው። በዕቁብ ዕጣ የደረሰው ሰው ዙሩ እስኪያልቅ ድረስ ዳግመኛ አይወጣለትም፤ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ያገኛል፤ ያልታወቀው ተራው ብቻ ነው። የእኔ ፕሮግራም ግን የወጣውን ዕጣ ወዲያው ወደ ቆቡ የሚመልስ ዳኛ ነበረ! ስለዚህ ለግራው አንድ፣ ለቀኙ አንድ ከረጢት አበጀሁ። በእያንዳንዱ ሁለት ብርቱካን፣ ሁለት ማንጎ፣ ሁለት ድንጋይ አለ፤ «ራንደም ሸፍል» ያማታቸዋል፤ አንድ በአንድ ወጥተው ሲያልቁ ከረጢቱ እንደገና ይሞላል። አሁን ድንጋይ ቢበዛ አራት ጊዜ ይከታተላል፤ ይኸውም የአንዱ ከረጢት መጨረሻና የሚቀጥለው መጀመሪያ ሲገጥሙ ነው። የዛሬው ቴትሪስም ሰባቱን ቅርጾቹን በዚሁ ዓይነት እንደሚያወጣ በኋላ አነበብሁ፤ የእናቴ ማኅበርተኞች ግን ቀድመውታል።

ጨዋታው ከሰዓት በኋላ በኮምፒዩተር ክፍል ይከፈታልና ሁላችሁም ብትመጡ ደስ ይለናል። ያ ልጅም በዚያ አለ። ስለ ከረጢቱ ሁለት ጊዜ አስረድቼዋለሁ፤ እርሱ ግን አሁንም በግራ በኩል አልቀመጥም ብሏል።